ሪአክተሩን ማን ያንቀሳቅሰዋል?

መስከረም 2018 ላይ ኢትዮጵያ ከሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ከሮስአቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ከዚያ ወዲህ ጅማም ውስጥ ወሬው ደርቷል። ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ አንድ አዛውንት «ግልገል ጊቤ አፍንጫችን ሥር እያለ መብራት ይጠፋብናል፤ አሁን ደግሞ አቶም?» ብለው አሳቁን። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ሪአክተሩ፣ ማለትም አቶም እየሰነጠቀ ኃይል የሚያወጣው ማሽን፣ በብድርም በስምምነትም ይመጣል። ሰውስ?

እዚህ ላይ ሆሚ ባባን ማንሳት ግድ ይላል፤ የህንድን የአቶም ፕሮግራም የመሠረተውን የፊዚክስ ሊቅ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1909 ቦምቤይ ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱና የአክስቱ ባል ዶራብጂ ታታ ካምብሪጅ የላኩት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ታታ ብረት ፋብሪካ እንዲገባ ነበር። ልጁ በ1928 ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። ልቤ ፊዚክስ ላይ ነው አለ። እኛ ሰፈር ቢሆን ዘመድ አዝማድ ለምክር ይጠራ ነበር። የባባ አባት ግን ተደራደሩ፦ መጀመሪያ ኢንጂነሪንጉን በከፍተኛ ማዕረግ ጨርስ፣ ከዚያ የፈለግኸውን እከፍልልሃለሁ። ልጁም ጨረሰ። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ቻርጁ ተቃራኒ የሆነው የኤሌክትሮን መንትያ) ሲጋጩ እንዴት እንደሚበተኑ ያሰላበት ሥራ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1939 ለእረፍት አገሩ እንደገባ ጦርነቱ ፈነዳ። መመለሻ ጠፋ። ባንጋሎር፣ የኖቤል ተሸላሚው ሲ ቪ ራማን በሚመሩት የፊዚክስ ክፍል ማስተማር ጀመረ። በ1944 ለታታ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። ሂሮሺማ ገና አልተመታችም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የኒውክሌር ኃይል ለኤሌክትሪክ የሚውልበት ቀን ሲመጣ ህንድ ባለሙያ ፍለጋ ውጭ አገር እንዳትሄድ፣ ከአሁኑ የምርምር ተቋም ይከፈት። በዓመቱ ተከፈተ። የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽኑ በ1948 መጣ። አፕሳራ የተባለችው የመጀመሪያዋ ሪአክተር ሥራ የጀመረችው በ1956 ነው። ነዳጇ ከእንግሊዝ ቢመጣም የገነቧት የአገሩ ልጆች ናቸው። በ1957 ደግሞ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተጨመረ። ከደብዳቤው እስከ ሪአክተሯ 12 ዓመት።

ጻድቅ አላደርገውም። ተጠሪነቱ በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኔህሩ ነበር፣ ሕጉም ሥራውን በምስጢር ሸፍኖለታል። ደፍሮ የሚጠይቀው አልነበረም። ጠያቂ በሌለበት ደግሞ ተስፋ ያለ ልክ ይለጠጣል። ዛሬ ከህንድ ኤሌክትሪክ የኒውክሌር ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። ፕሮግራሙን በሦስት ምዕራፍ ነድፎት ነበር፤ ቶሪየም በተባለው ማዕድን ሊያሠራ ያሰበው ሦስተኛው ምዕራፍም ገና አልደረሰም። በ1966 ወደ ቪየና ሲበር አውሮፕላኑ ሞንት ብላንክ ላይ ተከስክሶ በ56 ዓመቱ ሞተ። ከ8 ዓመት በኋላ በስሙ የተሰየመው ማዕከል ሳይንቲስቶች ቦምብ ሞከሩ።

በሰው ነገር ግን ልክ ነበር። እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ዲፓርትመንት ሲመደብ «ፊዚክስ ደረሰኝ» የሚለው መርዶ እንደሰማ ሰው ነው። ጎበዙ ሕክምናና ሶፍትዌር ይሞላል፣ ፊዚክስ የተረፈውን ይወስዳል። ደርሶት የተማረው መምህር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን አሜትርን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ «ቀስቱ እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው» ብሎ ያስተምራል። ተማሪው እውነተኛውን ሳይነካ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል።

ፊዚክስ ምን ይሠራል የሚል ካለ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨረር ሕክምና አለ። እንዲህ ባለ ክፍል ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ የማሽኑ ጨረር ይለካል። ሐኪሙ መጠኑን ያዝዛል፤ የታዘዘው መጠን ዕጢው ላይ በትክክል ማረፉን በስሌት የሚያረጋግጠው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ነው። እሱ ከሌለ ውዱ መሣሪያ ቆሞ ይውላል። ለአንድ የሕክምና ማሽን እንዲህ ከሆነ ለኃይል ማመንጫው ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ስለዚህ ስለ ሜጋ ዋት ሲወራ ስለ መምህራንም ይወራ። ስንት ልጅ ለትምህርት ይላካል? ተመልሶ የት ይቀጠራል? በስንት ደመወዝ? በባባ ፍጥነት ብንሄድ እንኳ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሪአክተሩ ሲጀምር ወደ ሠላሳ ይጠጋል። ለእሱ ትምህርት ቤት አሜትር የሚገዛው በጀት የትኛው ሰነድ ላይ እንደተጻፈ የሚያሳየኝ ባለሥልጣን ካለ፣ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።