አንዴ ሪፍሬሽ ላድርገው

ሰሞኑን እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። ጉዳዬ አንድ ገጽ ማመልከቻ አሳትሞ መውጣት ነው። ወጣቱ ፍላሼን ተቀብሎ ሰካ። ፋይሉን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ፣ ባዶው ስክሪን ላይ ቀኝ ጠቅ አደረገና «ሪፍሬሽ» የሚለውን ነካ። ደገመው። ሠለሰው። ምስሎቹ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ብልጭ ብለው ይመለሳሉ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ?» ስለው፣ ቀና ሳይል «እንዲፈጥን ነው ጋሼ፤ አንዴ ሪፍሬሽ ላድርገው» አለኝ።

እንዲፈጥን! ሦስቱ ያላፈጠኑትን አራተኛው ያፈጥነዋል ማለት ነው? ይህ ትእዛዝ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ምስሎች ደግሞ ይስላቸዋል። አሁን የተቀመጠ ፋይል አልታይ ሲል ይጠቅማል። ከዚያ በቀር ማኅደረ ትውስታ አያራግፍም፣ ቫይረስ አያባርርም፣ ያረጀ ዲስክ አያድስም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ይህንን ያስረዳኋቸው ሁሉ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቁና ዞር ስል ሪፍሬሽ ያደርጋሉ። ከሸዋበር እስከ ቧንቧ ውሃ ይህን የማያደርግ አንድ ሰው ካለ እግሩን ልጠበው። «ሲስተም የለም» ብሎ ጉዳዬን ለነገ የሚያሳድረው የመሥሪያ ቤት ሰው ሳይቀር፣ ያንን የሌለውን ሲስተም ሪፍሬሽ ሲያደርግ ይውላል።

እኔ ልማድ የለኝም አልልም። ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጥኩ ሁለት መስመር ጽፌ ማስቀመጫውን «ኮንትሮል ኤስ» ሳልጫን አላልፍም፤ አሳቤ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳን ጣቴ ያውቀዋል። ዎርድ በራሱ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል ይሉኛል። ይያዝ። የእኛ መብራት ግን ሊሄድ ሲል 10 ደቂቃ ታገሡኝ ብሎ አያውቅም፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ነጎድጓዱን ሲያጉረመርም። በዚህ ልማዴ ልጆቼ ይስቁብኛል። የሚስቁት እነማን ናቸው? ሪፍሬሽ አድራጊዎቹ።

ከሪፍሬሽ የባሰው ግን የጽዳት ፕሮግራም ነው። የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ሲያድር እጁ አያርፍም። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ከዚህ በፊት ያላየሁት መጥረጊያ ስክሪኑ ላይ ተሥሎ ተቀምጧል። «ምንድን ነው ይህ?» አልኩት። «ሬጂስትሪውን ያጸዳልዎታል አጎቴ፤ ነፃ ነው» አለ። ሬጂስትሪ ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞቹን ቅንብር የሚይዝበት መዝገብ ነው፤ ቆሽሿል ብሎ ማን ነገረው? የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ራሱ፣ ሬጂስትሪ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አልደግፍም ይላል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ሲክሊነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጠላፊዎች ሰርገው ገብተውበት፣ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተሸክሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ዘንድ ደርሶ ነበር። ቤት ሊጠርግ የገባ ሌባ ይዞ ገባ ማለት ነው። ልጁ ይህን ስነግረው «ያ ድሮ ነው» አለኝ። ድሮ!

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት የምወደው ለእንደዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። አስተውላችሁት ከሆነ፣ ገብስ አላለም፣ ማሽላ አላለም፤ ጤፍ ነው ያለው። ከእህል ሁሉ ዋጋው የሚጎረብጠውን፣ ቅንጣቱ በጣት መሐል የሚያመልጠውን፣ ሲመልሱት የሚያስጨንቀውን መርጦ መበደር፤ ያውም ሳይቸግር! እናቴ ለጎረቤት ጤፍ ስታበድር ጣሳውን ሞልታ፣ ከአፉ በላይ ቆልላ፣ የፈሰሰውን ሳትለቅም ነበር የምትሰጠው። ብድሩ ሲመለስ የሚመጣው ግን በሌላ ጣሳ ነው፤ ጎኑ የጎደጎደ፣ አፉም በእጅ የተጠረገ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበላለች። እኔ ልጁ ግን ያንን ጉድጓድ በዓይኔ እለካው ነበር። ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእኔ ስሌት ቤታችን ዛሬም ሩብ ጣሳ ጤፍ ይቀረዋል።

ብድር ካነሣሁ ዊንራርን ሳላመሰግን አላልፍም። የታጨቀ ፋይል የሚፈታውን ማለቴ ነው። 40 ቀን ሞክረኝ፣ ከዚያ ግዛኝ ይላል። 40 ቀን ያልፋል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ «እባክህ ግዛኝ» የሚል ደብዳቤ ብቅ ይላል፤ ትዘጋዋለህ፤ ሥራውን ይቀጥላል። ዓመታት ያልፋሉ፤ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮ አያውቅም። አባቱ ሩስያዊ ነው ቢባልም፣ በእናቱ ወገን ወሎዬ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ቂሜ ልምጣ፤ ፎርማት። ያለውን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው። በከተማችን ታመመ ብላችሁ ኮምፒውተር ተሸክማችሁ ከወጣችሁ፣ ምን ሆነ ሳይባል ፍርዱ ይሰጣል፤ «ፎርማት ይደረግ!» ድምፅ አልወጣ አለው? ፎርማት። ማተሚያው አልታዘዝ አለ? ፎርማት። ሾርትከት ቫይረስ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ፎልደሮቹን ሰወራቸው? ፎርማት! ፋይሎቹ እኮ እዚያው ናቸው፤ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ታወጣቸው ነበር። ግን መስመሯን ለመጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለፎርማት አዎን አዎን ማለት ይበቃል።

የእኔ ኮምፒውተር አንድ ቀን ሲነሣ እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ነኝ አለ። ድረ ገጽ ልክፈት ስል እንቢ ይላል። እውነቱን ነው፤ ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደኅንነት ማረጋገጫ መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ 2009 ላይ ቆሞ ለሚያያቸው ኮምፒውተር፣ የዛሬዎቹ ማረጋገጫዎች በሙሉ ገና አልተወለዱም። ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩትና ቀኑን በጣቴ አሳየሁት። አየ፣ አሰበ፣ «የሐበሻ አቆጣጠር ላይ ሆኖ ይሆናል ጋሼ» አለኝ። የሐበሻ አቆጣጠር የሚያንሰው በሰባት በስምንት ዓመት ነው፤ ይህ ያንን አልፎ ሄዷል፤ ደግሞስ ኮምፒውተሬ መቼ ባሕረ ሐሳብ ተማረ? ምንም ሳይል ፎርማት አደረገው። ገንዘቡን ከፍዬ ተሸክሜ ወረድኩ፤ ከሶኬት ነቅዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው፣ 2009።

በሽታው ማዘርቦርዱ በሚሉት የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የተቀመጠች ባትሪ ናት፤ ሳንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የሚሏት፣ ባለ 3 ቮልት። ቁጥሯ ራሱ ልኳን ይናገራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት፤ ስታልቅ ሰዓቱም ያልቃል። ሽፋኑን ከፈትኩ፣ ከጎኗ ያለችውን ቀጭን ብረት በጥፍሬ ገፋ አደረግኩ፣ ባትሪዋ ተፈናጥራ ወጣች። አዲሷን ጽሑፏን ወደ ላይ አድርጌ ስጫናት ቀጭ አለች። ይኸው ነው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ፎርማት።

ፎርማቱ ደግሞ ባዶ እጁን አልሄደም። የድሮውን የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ይዞት ሄደ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት፣ ፊደላችን የሚጻፈው በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ተደርቦ ነበር። የፊደሉ ቅርጽ ከኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ከሥር ያለው ላቲን ራቁቱን ይወጣል። የአባቴን የሕይወት ታሪክ፣ በቀብሩ ዕለት የተነበበውን፣ ስከፍተው ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ጠበቀኝ። ፕሮግራሙን ከሰው ተውሼ እስክጭን ድረስ የአባቴ ስም እንኳን አይነበብም ነበር። በዚህ ቀልድ የለኝም። የሰው ዕቃ ሲነካ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ይህ ኮምፒውተር ማወቅ አይጠይቅም።

አሁንማ አዲስ ሰበብ ተገኝቶላቸዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚሉትን የደኅንነት ክፍል ካላገኘ አልጫንም ይላል፤ የብዙዎቻችን ኮምፒውተር ይህ የለውም። «ችግር የለም ጋሼ፣ አታልለን እንጭነዋለን» ይላሉ። በምን? በፎርማት።

ስለ ልማድ ነበር የጀመርኩት መሰለኝ። ኮምፒውተር ሲዘገይ እኔ የማደርገው ሪስታርት ነው። ዘግቶ መክፈት ያው ነው እንዳትሉኝ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ብዙው ኮምፒውተር ሲዘጋ ከፊል ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ሲከፈት ያንኑ ያነሣል፤ ከነድካሙ። ከዜሮ የሚነሣው ሪስታርት ሲባል ነው። ሌላው አቧራ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ያግዘናል፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን የእህቴ ላፕቶፕ ማራገቢያው ሲያጓራ ከበር ይሰማል። ባለፈው ከፍቼ በቀለም ብሩሽ ስጠርገው፣ የማራገቢያውን ክንፍ በአንድ ጣቴ ይዤ ነበር፤ እፍ ሲሉበት በኃይል እንዳይሽከረከር። ከክንፎቹ ሥር የወጣው አቧራ ተጠቅልሎ ብርድ ልብስ ሆኗል። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ሬጂስትሪ ጠራጊው!

የመጨረሻው ልማዴ ቅጂ ማስቀመጥ ነው፤ እዚህ ላይ የቅሬያችንን፣ ማለት የእድራችንን፣ ዳኛ ሳላነሣ አልችልም። የቅሬውን መዋጮ በኤክሴል እይዛለሁ፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ የማን ድንኳን አልተመለሰም። አንዱ ቅጂ ቤቴ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ። ዳኛው ግን ከባሕር መዝገባቸው ሌላ አያምኑም። «መብራት ሲጠፋ ያንተ ሰነድ የት ይገባል?» ይሉኛል፤ ሸንጎው ይስቃል።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙዎቻችን ቤታችንን ዘግተን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ተጭኖ ሄዷል፤ የእኔም ከሄዱት ጋር ሄዷል። የዳኛው መዝገብ ግን ከሳጥናቸው ሥር፣ ከአሮጌ ጋቢ ጋር ተጠቅልሎ ተገኘ። ባሕር መዝገብ ማን ይዘርፋል? የእኔም ፍላሽ በኪሴ ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመልሷል፤ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር አንድ ብር አልተለያየም። ይህንን ግን የሚያስታውስ የለም። እሳቸው ድላቸውን በየስብሰባው ያነሡታል፤ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ሆኖም ባለፈው ስብሰባ አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ፣ የመዝገቡ ወረቀት እየተቀደደ ስለሆነ የእኔ ፍላሽ የቅሬው ንብረት ሆኖ ይመዝገብ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዳኛው ዝም ብለው ቆዩና ፈቀዱ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቀጠሉ፤ ፍላሹ ከመዝገቡ ጋር አብሮ በዚያው ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ይሆናል። «ሁለቱም አንድ ቦታ ከሆኑማ…» ብዬ ስጀምር፣ ሸንጎው አጨብጭቦ አጸደቀው።