ወር በገባ በ1፦ እዛ ልደታ፣ እዚህ ሬንት

ባለፈው ኅዳር ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ሺፍት ላይ ነኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፣ እዛ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ሰላምታው እንዳለቀ (ሰላምታው ራሱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል) «ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ሐሙስ» አልኳት። «ሐሙስማ አለፈ፣ እኛ ጋ አርብ ነው። ደሞ ቀኑን ማን ጠየቀህ፣ ስንት ነው፣ ነው ያልኩህ።» ስልኬን ሳየው ኖቬምበር 20 ይላል፣ ምንም አልመጣልኝም። የክሬዲት ካርድ መክፈያዬ ስንት ቀን እንደቀረው ግን ወዲያው ትዝ አለኝ። «ኅዳር ሚካኤል እኮ ነው! ልጅህ ከሆስፒታል የወጣበት!»

ዝም አልኩ። ልጄ በ7 ወሩ ነው የተወለደው፣ ኪሎ ተኩል እንኳን አይሞላም ነበር። 41 ቀን ማሞቂያ ውስጥ ተኝቶ ባለቤቴ ወተቷን በጠርሙስ ይዛ በሁለት አውቶብስ ትመላለስ ነበር፣ እኔ ከስራ በቀጥታ ሄጄ መስታወቱ ስር ወንበር ላይ እያንቀላፋሁ ሞኒተሩ ጢጥ ባለ ቁጥር እየዘለልኩ እነሳ ነበር። ጌታ ሆይ ይሄን ልጅ አትርፍልኝ እንጂ እድሜ ልኬን አልረሳውም ያልኩት እኔው ነኝ። 9 ዓመት እንኳን በቅጡ አልያዝኩትም።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ካምፓስ እያለሁ ነው ጌታን የተቀበልኩት። በቤታችን ስለዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል፣ አሁን ሁለታችንም ደክሞን ትተነዋል። ቀን አላከብርም ብዬ በኩራት የማወራበት ጊዜ ነበር። የሷ ወር ግን ቀኑ ሁሉ ስም አለው፣ በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም እያለ ይሄዳል። እና ለሷ ልጄ ኦክቶበር 11 አልተወለደም፣ ጥቅምት 1 በልደታ ነው የተወለደው፣ በ41 ቀኑ በሚካኤል ወጣ። አንድ ነገር በሚካኤል ከሆነላት በቃ በየወሩ በ12 ተመልሶ ይመጣባታል፣ በዓመት አስራ ሁለቴ ታስታውሳለች ማለት ነው። እኔን በዓመት አንዴ የሚያስታውሰኝ ፌስቡክ ነው፣ እሱም ያኔ ፎቶ ከለጠፍኩ ነው። የኔ ወርም ቢሆን ቀናት አሉት እንዳትሉኝ፣ አሉት፣ በ1 ሬንት ነው፣ በ5 የመኪና፣ በ15 ደሞዝ። ከልደታ ወደ ሬንት ተሰደድኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ወደ ቀኖቹ ልመለስ እያልኩ አይደለም፣ እምነቴ አልተቀየረም። የከነከነኝ የተውኩት ነገር ሳይሆን በሱ ፈንታ ምንም ያላስቀመጥኩ መሆኔ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እኮ ሰው እንደሚረሳ አውቆ ነው የሚናገረው። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋይ ከወንዙ መሀል አውጡ የተባሉት ልጆቻችሁ ይሄ ድንጋይ ምንድነው ብለው ሲጠይቁ እንድትነግሯቸው ተብሎ ነው። ሳሙኤልም ድንጋይ አቁሞ እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል ሲል አቤንኤዘር አለው። እኔም ልጄን አቤነዘር ብዬዋለሁ፣ ስሙ ራሱ ድንጋይ ነው፣ ግን ትምህርት ቤት ኤቢ ነው የሚሉት፣ እኔም ስቸኩል ኤቢ ነው የምለው።

የኛን ቤተክርስቲያን ደሞ ልንገራችሁ። ህንጻው የፈረንጆች ነው፣ እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት እንከራያለን፣ ሰዓቱ ካለቀ የሚያጸዳው ሰውዬ በር ላይ ቁልፉን እያንኳኳ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምስክርነት ነው። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ወገኖች» ይባላል፣ በሁለት ደቂቃ ደሞ የሚነገረው ትልቁ ነገር ብቻ ነው፣ ግሪን ካርድ፣ ቤት፣ የቦርድ ፈተና ማለፍ። በረዶ ላይ መኪናዬ ተንሸራቶ ዞሮ ቆመ ብሎ የሚመሰክር ሰው ከሰማሁ ቆየሁ፣ መኪናዎቻችን ግን በየዓመቱ ይንሸራተታሉ። ቴሌግራም ላይ የጸሎት ግሩፕ አለን። ያን ሌሊት እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ስራው ቀዝቅዞ ስለነበር ወደላይ እያወጣሁ ቆጠርኩ፣ 40 ምናምን የጸሎት ርዕስ ውስጥ መልሱ ምን ሆነ ብሎ ተመልሶ የጻፈ 3 ሰው ብቻ ነው። ከቀሩት ውስጥ አንዱ የኔው ነው። ለኢንተርቪው ጸልዩልኝ ብዬ ነበር፣ ኢንተርቪውን አለፍኩ፣ ግሩፑ ግን እስከዛሬ ውጤቱን አያውቅም፣ ምናልባት እየጸለየልኝ ያለ ሰው ይኖራል። አስሩ ለምጻሞች ላይ ሲሰበክ ሁሌ ራሴን የተመለሰው አንዱ አድርጌ ነበር የምሰማው።

አገር ቤትም ቢሆን ሁሉ ነገር አማን አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ስሄድ እንዳየሁት ስለት እንደ ሰርግ ፉክክር የሆነበት ቤት አለ፣ እገሌ ይሄን አስገባች እኔ ምን አነሰኝ ዓይነት። ግን እዛ አንድ ነገር አለ፣ ምስክር አለ። እናቴ በጽዋ ማህበር ላይ ልጄ ታሞ ዳነልኝ ስትል አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ያኔ ታክሲ የጠሩት፣ ብር ያበደሩት፣ ቤት የጠበቁት ናቸው። ማጋነን አትችልም፣ «ኧረ እንደዛ አልነበረም» የሚል ሰው አለ። ማሳነስም አትችልም። እዚህ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ስናገር የሚያጨበጭበው ሰው ያኔ አያውቀኝም ነበር፣ ነግሬው ነው የሚያምነኝ፣ ነገ ደሞ ይረሳዋል፣ እኔም አብሬው።

አንዲት ጎረቤታችን አሉ፣ ልጃቸው በበረሃ ወደ አረብ አገር ብሎ ወጥቶ ድምጹ የጠፋ። የሰው ልጅ በሰላም ገባ ተብሎ ዳቦ ሲቆረስ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ተመስገን ይላሉ። አንድ ቀን ደፍሬ እንዴት ቻሉት አልኳቸው። «እነዚህ ሴቶች አንድ ዓመት ሙሉ ተራ ይዘው እኔ ጋ አድረዋል፣ ይሄን ያደረገው ማን ነው ብለህ ነው?» አሉኝ። የኛ የሁለት ደቂቃ ምስክርነት ውስጥ ለሳቸው ቦታ የለንም፣ ምክንያቱም የሳቸው ታሪክ መጨረሻው አላማረም። ያም ሰፈር ቢሆን አሁን ፈርሷል፣ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፣ እናቴ ለማህበር ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትሄደው፣ የሚመጣውም ሰው ቀንሷል። ስለዚህ እዛም መርሳት እየመጣ ነው፣ በታክሲ ስለሆነ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

የሚካኤል ሳምንት ሳያልፍ ታንክስጊቪንግ መጣ። አሜሪካኖች በ1863 በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሀል ሊንከን ያወጀላቸው የምስጋና ቀን አላቸው፣ አሁን የሚውለው ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ዘንድሮ የነቢያት ጾም በገባ በ4ኛው ቀን ስለዋለ ኦርቶዶክስ ጓደኞቼ ወይ ቱርኩን (የዕለቱን ትልቅ የዶሮ ዓይነት ወፍ) ወይ ነቢያትን ምረጡ ተብለው ተቸግረው ነበር (ሽሮ ያቀረቡም አሉ፣ ቱርኩ ለልጆቹ)። ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የተሰራ ቱርክ ይዞ መጣ፣ በየላባው ላይ የሚያመሰግንበትን ነገር ጽፎበታል። ፒዛ፣ እማዬ፣ ኤክስቦክስ፣ የጓደኛው ውሻ። እኔ የለሁበትም፣ እሱን እንተወው። እግዚአብሔርም የለበትም፣ እሱን ግን መተው አቃተኝ፣ ምክንያቱም ማን ነግሮት ነው የሚጽፈው?

አስቀምጬ ነገርኩት። ማሞቂያውን፣ ጢጥ የሚለውን ማሽን፣ አያቱ በዛው ዓመት ታህሳስ 19 ቁልቢ ድረስ ሄዳ ጥላ ማስገባቷን፣ እዛ ሰዎች ለስለታቸው ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው እንደሚወጡ ሁሉ። ዓይኑን አፍጥጦ ሰማኝና «ማሽኑ ነው ያዳነኝ ወይስ እግዚአብሔር?» አለኝ። ማሽኑን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ አልኩት፣ በተለይ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ፣ ፈረቃዋ ካለቀ በኋላ እንኳን ቆይታ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ጀርባህን ትደግፍ ነበር፣ እኔ ስራ ላይ ሆኜ ስጨነቅ ደውላ ዛሬ 20 ግራም ጨምሯል ትለኝ ነበር፣ እሷን ማን እዛ እንዳስቀመጣት አስብ። «ስሟ ማን ነው?» አለኝ።

አፌ ላይ ያለ መሰለኝ፣ ግን የለም። ባለቤቴን ጠየቅኳት፣ እሷም ጠፋት። የሆስፒታሉን ወረቀቶች አወጣን፣ የኢንሹራንስ ቢል ብቻ ነው። በማግስቱ እናቴ ጋ ስደውል እንደዘበት አነሳሁላት፣ ያኔ ልጁን የምትጠብቀው ነርስ ስሟ ጠፋብን አልኳት።

ወዲያው ነገረችኝ። አጣማ ነው የጠራችው፣ መሀሉን አማርኛ አስመስላ፣ ግን እሷው ናት። እንዴት ያዝሽው አልኳት።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያኔ የነገርከኝ? እኔ እኮ በየወሩ በ12 ስሟን እጠራላታለሁ።»