«ግሉሚ» እና ሀዘን ለየቅል ናቸው

እናቱ ለሞተችበት የውጭ አገር ባልደረባችሁ የማጽናኛ መልእክት ልትጽፉ ነው እንበል። «ማዘንህን አውቃለሁ» ለማለት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ትገልጣላችሁ። «ግሉሚ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፤ ፍቺው «ያዘነ፣ የጨለመ» ይላል። ደስ ብሏችሁ ትጽፉታላችሁ። ባልደረባችሁ ግን «ምነው እንዲህ ፊትህን አጠቆርከው?» የተባለ ያህል ሊሰማው ይችላል። ልታጽናኑት ብላችሁ ወቀሳችሁት ማለት ነው።

ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እንግሊዝኛን በአንድ ቃል አንድ ፍቺ እያደረግን ማስተማራችን ነው እዚህ የሚያደርሰን። ይሄ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ በተለይ የሰው ስሜት በሚነካበት ቦታ።

ቃሉ ያ የወቀሳ ቃና ያለው በምክንያት ነው። የ«ግሉሚ» ሥር የሆነው «ግሉም» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ግሥ ነበር። ማኩረፍ፣ ግንባርን መቋጠር ማለት ነው። እንደ ስም ጨለማ የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመንፈስ መጨለም የሚለው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጣ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሰማዩ ጠቁሮ ከዚያ ወደ ልብ የወረደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኛ «ፊቱ ዳመነ» ስንል ደመናን ከሰማይ አውርደን ፊት ላይ እናሳርፋለን። እንግሊዝኛ ደግሞ የሰውን ኩርፊያ ወስዶ ሰማይ ላይ ሰቀለው። ይሄ በጣም ያስደንቀኛል።

ዛሬ ቃሉ የት የት ይውላል? ብርሃን የማይገባው ክፍል ግሉሚ ነው። ዝናብ ያረገዘ ቀን ግሉሚ ነው። ምንም ነገር አይሳካም ባይ፣ እኛ ጨለምተኛ የምንለው ሰው፣ እሱም ግሉሚ ነው። ስለ መጪው ዓመት ኢኮኖሚ መጥፎ ትንበያ ሲወጣም ጋዜጦች ይሄንኑ ቃል ይመዛሉ። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ «ጁን ግሉም» የሚባል ነገር አለ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በላዩ ያለው እርጥብ አየር ይቀዘቅዝና ዝቅ ያለ ደመና ይሠራል። በፈረንጆቹ ሰኔ ጠዋት ጠዋት የባሕር ዳርቻውን ይሸፍነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይገፈፋል። ማንም አላዘነም፤ ፀሐይ ብቻ ጠፋች።

ሀዘን ግን ምክንያት አለው። የሞተ ሰው አለ፣ የተለየ ወዳጅ አለ። ለሱ «ሳድ» አለ፤ ለለቅሶ ክብደት «ግሪፍ» አለ። የቀብር ሥነ ሥርዓትን ድባብ ለመግለጽ ከሆነ «ሶምበር» ይሻላል። እሱም ጥላ አለበት፣ ነገር ግን ክብር ያለው ጥላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሕመሙ ነው። ለሳምንታት ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው ግሉሚ አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ማየት አለበት። እርግጥ ጨለማና ስሜት ዝምድና አላቸው። ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ቀኑ በሚያጥርበት በፈረንጆቹ የብርድ ወራት እየተመላለሰ የሚመጣ ድባቴ እንዳለ ገልጸው ጽፈዋል። በደማቅ ብርሃን የሚደረግ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለውን ሕመም በኩርፊያ ቃል መጥራት በሽተኛውን «ተነሥ፣ ፊትህን ፍታ» ብሎ እንደ መገሠጽ ነው።

መምህራን ቃሉን ሲያስተምሩ ፍቺውን ብቻ ጽፈው ባያልፉ እላለሁ። ክፍሉን፣ ሰማዩን፣ ጨለምተኛውን፣ ትንበያውን በየዓረፍተ ነገሩ ያሳዩ። ከሥሩም «ለሐዘንተኛ አይባልም» ብለው ይጻፉበት።