ይድረስ ለክቡር የግምገማ ቅጽ፣ ከታሪክ ትምህርት ክፍል

ክቡር ቅጽ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድና ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነን።

ሙሉ ስምዎ «የትምህርት ክፍሎች አግባብነትና የገበያ ተፈላጊነት መገምገሚያ» ነው። ጋቢዬን ደርቤ አምሽቼ ሞላሁዎት። ትናንት ግን መለሱኝ። ያውም ሰው ፊት።

ሦስተኛው ገጽዎ ላይ «ትምህርት ክፍሉ ያሉት ቤተ ሙከራዎችና መሣሪያዎች ብዛት» የሚል ሳጥን አለ። ታሪክ ነንና ባዶውን ተውኩት። የሚመዘግበው ልጅ «ሲስተሙ ባዶ አይቀበልም» አለኝ። ዜሮ በለዋ! «ዜሮ ካልኩት ቀይ ትሆናላችሁ፣ መምህር።» ቀይ ማለት የሚዘጋ ማለት ነው። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማይክሮስኮፕ፣ 1 ብለን እንሙላው። ማን ያያል?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ግን ሰምተዋል። አንዱ «የዘርዓ ያዕቆብን ጀርም ሊያዩበት ነው?» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ቀልደኛው ሳያውቀው ልክ ነበር። ንጉሡ ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ቂርቆስን ያሠሩት ወረርሽኝ ገብቶ፣ እንዲያስታግስላቸው ብለው ነው። ይህን ያወቅነው ዜና መዋዕላቸውን አንብበን እንጂ በማይክሮስኮፕ አይደለም። ለዚያ ግዕዝ ያስፈልጋል። ለግዕዝ ደግሞ ሳጥን የለዎትም።

ቤተ ሙከራ ካሉ የእኛ አንጎለላ ናት። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር የተዋዋሉባት፣ ምኒልክም የተወለዱባት። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። ተማሪ ይዘን እንሂድ ስንል ግን «ለመስክ ነዳጅ የለም» እንባላለን። ሰርቪሱ ለስብሰባ ሲሆን ነዳጁ ከየት እንደሚመጣ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

«ያፈለቀው ቴክኖሎጂ» ለሚለው፦ የለም።

«ያመነጨው ገቢ» ለሚለው ትንሽ ላውራ። በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሊያስመርቅ ነው ተባለና «የአካባቢውን ታሪክ በ2 ገጽ፣ ለነገ ጠዋት» ብለው ደወሉልኝ። ጻፍኩ። ክፍያዬ የመጽሔቱ አንድ ቅጂ ነበር። ስሜ የለበትም። ከሥራ አስኪያጁ ፎቶ ሥር ገብቷል፤ እሳቸው የጻፉት ይመስላል።

ሰባ ሠላሳን እንኳ አላነሳብዎትም። 70 እጁ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 እጁ ለእኛ ሲባል «30ም አያንስም» ብለን ያጨበጨብን ሞኞች ነን።

አንድ ነገር ግን ቆርቁሮኛል። ዘንድሮ ከመንዝ አንዲት ልጅ መጣች። ታሪክን አንደኛ ምርጫዋ አድርጋ የሞላች! ወደ እኛ የሚመጣው አብዛኛው ሌላ ሞልቶ፣ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ አኩርፎ ነው። እሷ አያቷ የነገሯትን በደብተር ጽፋ ይዛ ነው የመጣችው። «ቁጥራችሁ ክፍል አያስከፍትም» ተባለችና ማርኬቲንግ ተመደበች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለተገኘው ተማሪ ትምህርት ክፍሉ ሁሉ ይሻማል። እኛ ደግሞ በራችንን ያንኳኳችውን መለስናት። ተማሪ የላችሁም ብሎ የሚዘጋን፣ የመጣችውን ተማሪ የመለሰው ያው ቢሮ ነው። ይህን ምን ብዬ ልቀልድበት? ልጅቷ ደብተሯን እኔ ጋ ትታው ሄዳለች። ለዚህ ስንተኛው ገጽዎ ላይ ነው ሳጥን ያለዎት?

ለማንኛውም አስተካክዬ ሞልቼዎታለሁ። ቤተ ሙከራ፦ 1። ዓይነት፦ አንጎለላ። ይዞታ፦ ደህና፣ ነዳጅ ይጠብቃል። ሲስተሙ ምንም አላንገራገረም፤ አረንጓዴ ሆነናል። አሁን የቀረው «የተገዛበት ዓ.ም.» የሚለው ብቻ ነው። 1834 ብዬ ላስገባ ነው።