«ይቀመጡ» አትበሏቸው

የሐዋሳ ሰዎች፣ ሳንባው የታመመ ሰው ብድግ ሲል ካየን አፋችን ላይ የምትቀድመው «ኧረ ይቀመጡ፣ ይረፉ!» ነች። ከአንጀት እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ስላት ኖሬያለሁ። ግን እየጎዳናቸው ነውና እንተዋት።

አንዲት ጎረቤቴ ጭስ በጠገበ ማድ ቤት ሠላሳ ዓመት እንጀራ ጋግረው ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ሲጋራ በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ከቤታቸው እስከ ግቢው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ ሲደርሱ የቆርቆሮውን በር ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸው ሥር ያለችው ጎድጓዳ ስርጉድ እስክትል ይተነፍሳሉ። እኛ ታዲያ ዱካ አቀረብን። ውሃውን ልጆች ቀዱላቸው፤ ቡናውን ጎረቤት አፈላላቸው። ዓመት ሳይሞላ እግራቸው ቀጠነ፤ ሃያው እርምጃ አሥር ሆነ። ሕመሙ የጀመረውን እኛ በዱካ ጨረስነው።

እንዲህ ባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የአየር ቧንቧው ይጠብባል። አየር ማስገባት የከበዳቸው ይመስለናል፤ ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ግን ማስወጣቱ ነው። ፈጠን ሲሉ የፊተኛው ትንፋሽ ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል፤ ደረት በአሮጌ አየር ይሞላና ለአዲሱ ቦታ ይጠፋል። ያ ያስፈራል። የፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ደግሞ ለዚያችው እርምጃ ከበፊቱ የበለጠ ትንፋሽ ይጠይቃል።

መንቀሳቀስ ሳንባውን አይፈውስም፤ ይህን አልዋሽም። እግርን አበርትቶ በዚያው ሳንባ ራቅ ያስኬዳል እንጂ። ዓለም ያወቀው ሕክምና ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። መለኪያውም ቀላል ነው፦ 30 ሜትር ኮሪደር ላይ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሄዱ ይለካል፤ ደክሞት ለሚቆም ሰው መቆም ይፈቀዳል።

እኛ ደግሞ ሜዳ ከተማ ተሰጥቶናል፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር የዛፍ ጥላ አለን። ሐኪማቸውን አማክሩና ይዛችኋቸው ውጡ። በእናንተ ሳይሆን በእነሱ እርምጃ ሂዱ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው በአፍንጫ ስበው፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሹለው ቀስ ብለው እፍ ይበሉ፤ መውጫው ከመግቢያው እጥፍ ይርዘም። ትንሽ ማለክለክ አያስደንግጣችሁ። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ግን አቁሙና ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

«ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የሳንባ መድኃኒት) ሱስ ያስይዛል» የምትሉም ተዉ፤ አያስይዝም። በዚህ ወሬ መድኃኒቱን ትራስ ሥር ሸሽገው የሚታፈኑ አሉ። ማታ ማታ ግቢያችሁ ውስጥ ቅጠልና ፌስታል የምታነዱም፣ ጭሱ አጥር ተሻግሮ የማን ደረት እንደሚገባ አስቡ።

ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ሱቅ ድረስ ሄደው ጨው በእጃቸው ገዙ። መንገድ ላይ ሁለቴ ቆሙ። ሲመለሱ አንድ ባጃጅ ከኋላቸው ክላክሱን አስጮኸባቸው፤ ደንግጠው አጥር ተደገፉ፤ ጨው የያዘው ፌስታል ከእጃቸው ወደቀ። አንተ ልጅ፣ እናትህ ቢሆኑ ግማሽ ደቂቃ አትታገሳቸውም ነበር?