ማስተካከያ፦ የአመጋገብ መታወክ በክብደት ብቻ አይለይም

ስለ አመጋገብ መታወክ ባለፈው በወጣው ጽሑፍ «በሽታው የሚይዘው በጣም የቀጠኑ ወጣት ሴቶችን ነው፤ መፍትሔውም ቶሎ በደንብ ማብላት ነው» የሚል ነበረበት። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

አኖሬክሲያ ያለበት ሰው፣ ማለትም መወፈርን ከመፍራት የተነሣ ምግብ የሚሸሽ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ይከሳል፣ እሱ እውነት ነው። ቡሊሚያ ያለበት ግን፣ ማለትም ብዙ በልቶ ከዚያ በማስመለስ ወይም በሚያስቀምጥ መድኃኒት ለማስወጣት የሚታገል ሰው፣ ክብደቱ እንደማንኛችንም ሊሆን ይችላል። ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላትም እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኗል። ወንዶችንም ይይዛል። ስለዚህ እባካችሁ «አልከሳሽም እኮ፣ ምን ሆንሽ?» አትበሉ። ደጋግሞ ማስመለስ ፖታሲየም የተባለውን በደም ውስጥ ያለ ማዕድን ያወርዳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያሳስበኛል። ለረጅም ጊዜ ምግብ የራቀውን ሰው በአንዴ ማጥገብ ሊገድል ይችላል፤ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ያሽቆለቁልና ልብ ሊደክም ይችላል። ምግቡ የሚጨመረው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ክትትል ነው። በጉርሻ ማስገደድም አያድንም፣ ፍርሃቱ ከውስጥ ነውና።

ጾም በሽታ አይደለም። ጾሙ ተፈቶም መብላት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ግን ሐኪም አማክሩ። ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ይቀርለታል፣ በረመዳንም እንዲሁ።

ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።