ባዶ ሆኖ የተከፈተው ሳጥን
የቢሮን ኢሜይል ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላ ስለማዛወር የወጣው ጽሑፍ «ኢሜይል መቀየር የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው» ያለው አይዋጥልኝም። እኛ ቢሮ ሲቀየር ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ሳጥኗን ብትከፍት ባዶ! የስድስት ዓመት ደብዳቤ የለም። ለካ የድሮ አካውንቷ የተዘጋጀው በፖፕ3፣ ማለትም ኢሜይልን ወደ ራስ ኮምፒውተር በሚያወርደው ስልት ነበር። ፖፕ3 ደግሞ ቅጂ እንዲያስቀር ካልታዘዘ መልእክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ያወርድና ከሰርቨሩ (ኢሜይሉ መጀመሪያ ከሚደርስበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ያጠፋዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ያለው ወደ አዲሱ ሲቀዳ የሚቀዳ ነገር አልነበረም። የደብዳቤዎቿ ፋይል በስንት ፍለጋ የተገኘው ሊወገድ መጋዘን የገባ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። በአይማፕ (ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ በሚያቆየው ስልት) የምንጠቀመው ደብዳቤ አልጠፋብንም፤ ፊርማችንንና የማጣሪያ ደንቦቻችንን ግን እንደ አዲስ ነው የሠራነው። ከላይ በአስተያየትህ «ሠራተኛው ለውጥ ስለማይወድ ነው የሚያማርረው» ያልከው ወንድሜ፣ ባልደረባዬ ለውጥ አልጠላችም። ከመቀየሩ በፊት መጥቶ ኮምፒውተሯን ያየላት ሰው ነው የጠፋው።